የጓሳውን ታሪክ ለማን ነው የምታወራው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ የምጽፍልዎት ከመሐል ሜዳ ነው፣ አስተማሪ ነኝ። አራት ዓመት ማታ ማታ እየጻፍኩ አንድ ልቦለድ ጨርሻለሁ፣ በእጅ ጽሑፍ 312 ገጽ ሆነ። ታሪኩ እዚሁ መንዝ፣ ጓሳ በሚባለው የሳር መሬት አካባቢ ነው። ጓደኛዬ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ደከመኝ ብሎ መለሰልኝ፣ ምዕራፉን አብሬ ልኬልዎታለሁ። ደግሞ የአሁኖቹን ልቦለዶች ሳነብ ጊዜው ወደፊት ወደኋላ ይላል፣ ተራኪው ይቀያየራል፣ እኔም እንደዛ ላድርገው ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እያስተማርክ 312 ገጽ መጨረስህ ቀላል ነገር አይደለም፣ እንኳን ደስ አለህ። ምዕራፉን ሁለቴ አነበብኩት። ሽማግሌው ስድስት ገጽ ሙሉ ለልጁ ያወራል፣ ሳሩ ለዓመታት ተከልሎ እንደሚቆይ፣ በበጋ እንደሚከፈት፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ እንደሚሆን፣ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ያ የድሮው ሥርዓት እንደፈረሰ። ሁሉም እውነት ነው፣ ሁሉም የሚያኮራ ነው። ግን ልጁ እዛው ጓሳ ስር ተወልዶ ያደገ ነው እኮ፣ ይሄን ሁሉ ያውቃል! ሽማግሌው የሚያወራው ለልጁ ሳይሆን መንዝን አይቶ ለማያውቅ አንባቢ ነው፣ ጓደኛህን ያደከመው እሱ ይመስለኛል።

እስቲ እንዲህ አስበው። ክረምቱ ሊገባ ነው፣ የእናቱ ቤት ያፈሳል፣ ጓሳው ደግሞ ገና አልተከፈተም። ልጁ በሌሊት ማጭድ ይዞ ይወጣል። ጠባቂው የገዛ አጎቱ ነው። አሁን ሕጉን ማንም ሳያብራራው አንባቢው ራሱ ይጠይቃል፣ ቢያዝስ ምን ይሆናል? አጎትየውስ ምን ያደርጋል? ስድስት ገጽ ያልሠራውን ያቺ ማጭድ ትሠራዋለች።

እኔም የመጀመሪያ መጽሐፌን ስጽፍ የደብረ ብርሃንን ገበያ አርባ ገጽ ጽፌው ነበር፣ የጅሩ ሰንጋ፣ የመንዝ ባና፣ የገብሱ ዋጋ፣ አንድም የቀረ የለም። ዓመት ፈጅቶብኝ ቆረጥኩት። የተረፈችው አንዲት ሴት ባናውን ወደ ፀሐይ ዘርግታ ብል የበላው ቦታ ስትፈልግ ነው፣ ምክንያቱም ለልጇ ሰርግ ልትሰጠው ፈልጋለች። በጣም ነበር ያዘንኩት፣ ግን ያቺ ሴት ነች ገበያውን የያዘችው።

የጊዜውን ነገር በተመለከተ፣ ዘመኑ ነው ብለህ አትበታትነው። ደራሲው አዳም ረታ ሕጽናዊነት የሚለው፣ ታሪኮችን እርስ በርስ የሚያያይዘው አጻጻፉ፣ ከእንጀራ የተነሳ ሐሳብ ነው፣ ከገዛ ማዕዳችን ማለት ነው። አንተም የታሪክህ ቅርጽ ከታሪክህ ይምጣ። ልጁ ሳሩን ባጨደበት ቦታ አባቱም በ1967 አጭዶ ከነበረ ያኔ ወደኋላ መሄድህ ትርጉም አለው፣ አንባቢውም ራሱ ወደዛ መሄድ ይፈልጋል፣ ካልሆነ ግን ከመጀመሪያ ወደ መጨረሻ ቀጥ አድርገህ ተርክ፣ ምንም ነውር የለውም።

ሌላ አንድ ነገር፣ ሰዎችህ ሲያወሩ እንደ ሬዲዮ ዜና ነው። የአገራችንን ልጅ የዳኛቸው ወርቁን አደፍርስ የሚለውን ልቦለድ ካላነበብከው አንብበው፣ 1962 ዓ.ም. ነው የወጣው፣ እሱም ደብረ ሲና የተወለደ ነው። ሰው በንግግሩ ብቻ እንዴት እንደሚቆም እዛ ታየዋለህ፣ ግን ንግግሩን ከእሱ አትቅዳ፣ መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ቆመህ ስማ እንጂ፣ ማታ የጻፍከውንም ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብበው፣ ምላስህ የተደናቀፈበትን ቦታ በእርሳስ አስምርበት።

ለጊዜው ሌላውን 300 ገጽ አትንካው። ሁለተኛውን ምዕራፍ ብቻ ልጁ ከቤት ሲወጣ ጀምረህ እንደገና ጻፈውና ለዛው ጓደኛህ ስጠው። ወደድከው ወይ ብለህ ግን አትጠይቀው፣ የትኛው ገጽ ላይ እንዳቆመ ብቻ ይንገርህ።