የውሻችንን የኮሶ ትል በዘረመል ላስመረምር?

ጥያቄ፦ የጎንደር፣ አዘዞ ነዋሪ ነኝ። በውሻችን ጅራት ሥር ሩዝ የሚመስሉ፣ የሚንቀሳቀሱ ነጫጭ ነገሮች አየሁ። የአራት ዓመት ልጄ ከውሻው አይለይም። ይህ ከጥሬ ሥጋ የሚመጣው ኮሶ ነው? የትሉ ዝርያ በዘረመል ምርመራ እንደሚለይ ሰምቻለሁና ላስመርምር?

መልስ፦ ከጥሬ ሥጋ የሚመጣው የከብት ኮሶ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ቴኒያ ሳጊናታ፣ አድጎ የሚኖረው በሰው አንጀት ብቻ በመሆኑ ከውሻዎ ጋር አይገናኝም። የገለጹት ምልክት አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክተው ዲፒሊዲየም ካኒነም የተባለውን የውሻና የድመት ትል ነው። ልጅዎን ሊይዘው የሚችለው የትሉን እጭ የተሸከመ ቁንጫ ሳያውቅ ከዋጠ ሲሆን፣ ሕመሙም ብዙ ጊዜ ቀላልና በመድኃኒት የሚድን ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ እርስዎ ያላዩት ትል ነው። ኤኪኖኮከስ ግራኑሎሰስ ርዝመቱ ከ2 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በዓይነ ምድር ውስጥ ልብ የሚለው የለም፤ እንቁላሉ ግን ወደ ሰው አፍ ከገባ በጉበት ወይም በሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሆኖ ለዓመታት ያለ ስሜት ሊያድግ ይችላል። ውሻ ይህን ትል የሚያገኘው ከረጢት ያለበትን የበግ ወይም የከብት ጉበትና ሳንባ ሲበላ ነው፤ በየበዓሉ እርድ በየግቢያችን የሚጣለውን ሆድቃ ያስታውሱ።

የዘረመል ምርመራ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። የኤኪኖኮከስና ውሻን የሚይዙ ሌሎች የቴኒያ ዝርያዎች እንቁላሎች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አይለያዩም፤ የሚለዩት የዘረመል ቅደም ተከተላቸው ሲነበብ ነው። ቀድሞ አንድ ዝርያ ይባል የነበረው ኤኪኖኮከስ ግራኑሎሰስም በተለይ በማይቶኮንድሪያው (ለሕዋስ ኃይል በሚያመነጨው ክፍል) ዘረመል ንባብ ተከፋፍሏል፦ ጂ1 እና ጂ3 የተባሉት የዘረመል ዓይነቶች በዋናው ስም ሲቀሩ፣ የፈረሱ ጂ4 ኤኪኖኮከስ ኢኩዊነስ፣ የከብቱ ጂ5 ደግሞ ኤኪኖኮከስ ኦርትሌፒ ተብለዋል። ዲፒሊዲየምም ቢሆን የውሻውና የድመቱ በዘረመል እንደሚለያዩ ታውቋል።

ይህ ሁሉ ለተመራማሪ ትልቅ ነገር ነው፤ ለእርስዎ ውሻ ግን ሕክምናውን ስለማይለውጥ ገንዘብዎን አያውጡበት ባይ ነኝ። ፕራዚኩዋንቴል የተባለው የትል መድኃኒት ዲፒሊዲየምንም ኤኪኖኮከስንም ይገድላል። መጠኑ በውሻው ክብደት ስለሚወሰን የእንስሳት ሐኪም ይዘዝልዎ። መድኃኒቱ ቁንጫን ስለማይገድል ቁንጫው አብሮ ካልጠፋ ዲፒሊዲየም በ3 ሳምንት ገደማ ሊመለስ ይችላል። የትሉን እንቁላልም ስለማይገድል፣ ከሕክምናው በኋላ ባሉት ቀናት የውሻውን ዓይነ ምድር በጓንት ሰብስበው በጥልቀት ይቅበሩ። ጥሬ ሆድቃ ከእንግዲህ አይስጡት፤ ልጅዎም ከምግብ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ።

በልጅዎ ዓይነ ምድር ላይ ተመሳሳይ ነጭ ነገር ካዩ በንጹሕ ዕቃ ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይምጡ እንጂ ለውሻው የታዘዘውን ክኒን ቆርሰው አይስጡት።