የዎከር 2,411 ያርድ ለምን አይቆጠርም?
ወንድሜ፣ «የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቹ ሄርሼል ዎከር በፈረንጆቹ 1985 ኳስ ይዞ 2,411 ያርድ ከሮጠ፣ የአንድ ሲዝን ሪከርዱ እንዴት የኤሪክ ዲከርሰን 2,105 ይሆናል?» ላልከው፦ ዎከር የሮጠው ዩኤስኤፍኤል በሚባል ሌላ ሊግ ነው። ዲከርሰን የተጫወተበት ዋናው ሊግ ኤንኤፍኤል ደግሞ የዚያን ሊግ ቁጥር አይቆጥርም። ኤኤፍኤል የሚባለውን የድሮ ተፎካካሪውን ሊግ ግን ይቆጥራል፤ በ1970 ተዋህደዋላ። ዩኤስኤፍኤል በፀደይ ሦስት ሲዝን ተጫውቶ ቆመ። በ1986 ኤንኤፍኤልን ከሶ ረታ፤ የተፈረደለት ግን 1 ዶላር ብቻ! በፀረ-ሞኖፖሊ ሕጉ መሠረት ሦስት እጥፍ ሆኖ፣ ወለድ ተጨምሮበት የ3.76 ዶላር ቼክ ተቆረጠለት። ቼኩን ማንም አልመነዘረውም። እኔን እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስታወዳድር አንድ ነገር ልብ በል። የዎከር ሲዝን 18 ጨዋታ ነበር፣ የዲከርሰን 16። እና መዝገብህ ላይ የሊጉን ስም ከቁጥሩ ጎን ጻፍ እንጂ፣ በፍጹም እንዳትሰርዘው። ያን ሁሉ ያርድ እኮ በእግሩ ነው የሮጠው።