አለመሞትና አለማርጀት ለየቅል ናቸው፦ የአንባብያን ጥያቄዎች

ስለ ግሪክ አማልክት ከጻፍኩ ወዲህ የጥያቄው ብዛት ለጉድ ነው። ደጋግመው የመጡትን መርጫለሁ።

የግሪኩ ጀግና የአኪሌስ እናት ቴቲስ ገላው እንዳይበሳ ብላ ተረከዙን ይዛ ወንዝ ውስጥ የነከረችው፣ ይሄ የጥንቱ ገጣሚ ሆሜር ላይ አለ አይደል?

የለም እህቴ። ስለ ትሮይ ጦርነት የሚተርከውን ግጥሙን ኢሊያድን ከዳር እስከ ዳር ብታነቢው ይህን ታሪክ አታገኚውም። እንዲያውም በ21ኛው ክፍል ላይ አኪሌስ ክንዱን በጦር ተጭሮ ደሙ ይፈሳል፣ የማይበሳ ገላ ቢኖረው ይሄ ከየት ይመጣል? ስቲክስ የሚባለውን የሙታን ዓለም ወንዝ ያመጣው ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ የኖረው ሮማዊ ገጣሚ ስታቲዩስ ነው። የሆሜሯ ቴቲስ ልጇ በቅርቡ እንደሚሞት እያወቀች አዲስ ጋሻና ጥሩር አሠርታ ታመጣለታለች። ለእኔ ከወንዙ ይልቅ ይሄ አንጀት ይበላል።

ሕፃን እሳት ውስጥ የምትከተው አምላክስ ማናት?

ዲሜትር፣ የእህል አምላክ። ልጇ ፐርሰፎኔ ስትጠፋባት አሮጊት መስላ ከአቴንስ ብዙም ወደማይርቀው ኤሌውሲስ ትሄድና ሞግዚት ሆና ቤት ትገባለች። ሕፃኑ ዴሞፎን ይባላል። ቀን ቀን የአማልክቱን ምግብ፣ አምብሮሲያን ትቀባዋለች፤ ሌሊት ቤተሰቡ ሲተኛ ደግሞ የማይሞት ልታደርገው እንደ ማገዶ እሳት ውስጥ ትከተዋለች። ሕፃኑም ቀን በቀን ሲያድግ ለሚያየው ሁሉ ጉድ ሆነ። አንድ ሌሊት እናቱ ሜታኔራ ይህን አየችና ጭኗን እየመታች ጮኸች። የትኛዋ እናት ናት ዝም የምትል? ዲሜትር ግን ተቆጣች። ልጁን ከእሳቱ አውጥታ መሬት ላይ አስቀመጠችው፤ አለመሞቱም በዚያው ቀረ። እኔ ከሜታኔራ ጋር ነኝ።

የጥበብና የጦርነት አምላኳ አቴና የምትወደውን ሰው እንዴት ነው የምትጠብቀው?

በትሮይ ጦርነት የግሪኩ ንጉሥ ሜኔላዎስ ላይ ቀስት ሲወረወር፣ እናት ከተኛ ልጇ ላይ ዝንብ እሽ እንደምትል አድርጋ ፍላጻውን ወደ ቀበቶው ታዞረዋለች። ጫፉ ግን ቆዳውን ጭሮ ደም አወጣው። ጥበቃ ማለት እስከዚህ ነው። ቲዴዎስ የሚባለውን ጀግና ግን ጭራሽ የማይሞት ልታደርገው ነበር፤ ልትደርስለት ስትል የጠላቱን አንጎል ሲበላ አገኘችው። አስጠላትና ትታው ሄደች።

ኢትዮጵያ በዚህ ተረት ውስጥ አለች ይባላል፣ እውነት ነው?

ስሟ አለ። የንጋት አምላኳ ኤዎስ ቲቶኖስ የሚባል የትሮይ ልዑል ወደደችና የአማልክቱን ንጉሥ ዜውስን እንዳይሞት አድርግልኝ ብላ ለመነችው፣ ዜውስም እሺ አለ፣ እሷ ግን እንዳያርጅም ማለትን ረሳች! ሽበቱ ብቅ ሲል ከአልጋው ራቀች፣ ምግቡን ግን አላጓደለችበትም። እጅና እግሩን ማንሳት ሲያቅተው ክፍል ውስጥ አስገብታ በሩን ዘጋችበት። ድምፁ ብቻ ማቋረጫ ሳይኖረው ይሰማል።

ልጃቸው ሜምኖን ነው፣ የኢትዮጵያውያን ንጉሥ። ትሮይን ሊረዳ ዘምቶ አኪሌስ ገደለው፤ እናቱም ዜውስን ለምና አለመሞትን አሰጠችው። ግሪኮቹ ኢትዮጵያ ሲሉ ግን ከግብፅ በስተደቡብ ወይም በዓለም ዳርቻ ያለ የጥቁር ሰዎች አገር ማለታቸው እንጂ የዛሬውን ካርታ አይደለም። ስለዚህ ሜምኖንን ከአክሱም ነገሥታት ተርታ የምታሰልፉ ወዳጆቼ፣ ቀስ በሉ።

አለመሞት ተሰጥቶት እምቢ ያለ ሰው አለ?

ኦዲሴዎስ፣ ከትሮይ ጦርነት ወደ ቤቱ ሲመለስ የነበረው ጀግና። ካሊፕሶ የምትባል አምላክ ደሴቷ ላይ 7 ዓመት አቆይታ፣ አብረኸኝ ብትቀር አትሞትም፣ አታረጅም አለችው። ይቺ እንኳ ሁለቱንም ጠርታለች! እሱ ሚስቴ በመልክ አንቺን እንደማታክል፣ ሟችም እንደሆነች አውቃለሁ፣ ግን ቤቴን ነው የምፈልገው አላት። በማግስቱ መጥረቢያ ሰጠችው፤ 20 ዛፍ ቆርጦ በ4 ቀን የግንድ ታንኳውን ጨረሰ።