ሸርጣኖቹ ለምን ወደ ዳር ወጡ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ባለፈው ነሐሴ ልጆቼን ይዤ ቼሳፒክ ቤይ (የባሕር ወሽመጡ) ሄድን። ሸርጣኖች ውሃው ዳር ተኮልኩለው አገኘናቸው። እኛ አንበላቸውም፤ ግን ልጆቹ ተደነቁ። አንድ ዓሣ አጥማጅ «ታች ኦክስጅን አልቆ ነው። ነገ የት እንደሚያልቅም ኮምፒውተር ይናገራል» አለን። ልጄ «ተረት ነው» አለ። ውሃ ውስጥ ያለ ኦክስጅን እንዴት ይለካል?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ሰውዬው አልዋሸሽም። እኔ ራሴ እዚያው ውሃ ላይ ሦስት በጋ (በእኛ ክረምት መሆኑ ነው) በጀልባ እየዞርኩ ሴንሰር (ኦክስጅን የሚለካውን መሣሪያ) ሳጥብ ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው በፀደይ ነው። ሳስኮሃና ወንዝ ከየእርሻው ማዳበሪያና ፍግ አጥቦ ያመጣል። አልጌ (ውሃ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ነገር) በዚያ ይፋፋል፣ ይሞታል፣ ይሰምጣል። ባክቴሪያ ሲያበሰብሰው ታች ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ከላይ እንዳይተካ ደግሞ ቀለል ያለው የወንዝ ውሃ ጨዋማውን እንደ ክዳን ይከድነዋል። ነፋስ የላዩን ውሃ ወደ አንድ ወገን ሲገፋው የታችኛው ወደ ዳር ይወጣል። ሸርጣኖቹም ከፊቱ ይሸሻሉ።

ሴንሰሩ ጫፉ ላይ ልዩ ቀለም አለው። ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ቀለሙ ቀይ ያበራል። ኦክስጅን በበዛ ቁጥር ያ ቀይ ይደበዝዛል። መሣሪያው የሚያነበው ይህንን ነው። በሊትር ከ2 ሚሊግራም በታች ከወረደ ብዙው ዓሣ አይችለውም።

መከራው ጽዳቱ ነው። በሐምሌ ሁለት ሳምንት ያልታጠበ ሴንሰር አረንጓዴ ጢም ያበቅላል። አንዴ «ዜሮ ገባ!» ብዬ አለቃዬ ጋ ሮጥኩ። ስናወጣው ጫፉ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ኖሯል። አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ጠርሙስ ውሃ ቀድቼ በኬሚካል ሳላመሳክር ቁጥር አላምንም።

ኮምፒውተሩ የሚተነብይበት ስሌት፣ ሞዴሉስ? ውሃውን ከላይ እስከ ታች በብዙ ሺህ ትንንሽ ሣጥኖች ይከፍለዋል። እያንዳንዱ ሣጥን ከጎረቤቱ ምን ያህል ውሃ፣ ጨውና ኦክስጅን እንደተቀበለና እንደሰጠ ያሰላል። የነፋሱ፣ የሙቀቱና የወንዙ ትንበያ ይገባበታል። የቨርጂኒያ የባሕር ሳይንስ ተቋም በዚህ መንገድ ኦክስጅን የት እንደሚያንስ የሚያሳይ ካርታ ያወጣል። ግን ሞዴል ብቻውን ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በመርከብ እየተዞረ የሚለካው ቁጥር ነው ስህተቱን የሚያወጣበት።

ዘንድሮ ስትሄዱ ካርታውን ልጅሽ ይመልከተው። ተሳስቶ ካገኘው ይጻፍልኝ።