ላጲስ፣ ከተርና ቀለም፦ ስለ እጅ ማኅተም ለጠየቃችሁን

ማኅተም በእጅ ቀርጾ ካርድና ጨርቅ ላይ ስለማተም የደረሱን ጥያቄዎች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ ነው የመጡት፤ በጣም ደስ ብሎኛል። ሁሉንም እዚህ መመለስ አይቻልም። ስለዚህ ብዙ ሰው ደጋግሞ ያነሳቸውን መረጥኩ።

ጥያቄ (ከሽምብጥ)፦ ለገና ካርድ «ባሕር ዳር» የሚል ጽሑፍ ላጲስ ላይ ቀረጽኩ። ሳትመው ተገልብጦ ወጣ። ፊደሎቹም ጠርዛቸው እየተሰበረ ግማሾቹ ጠፉ። ምን ላድርግ እህቴ?

መልስ፦ ማኅተም ግራውን ቀኝ፣ ቀኙን ግራ አድርጎ ነው የሚያትመው። በዚህ በኩል ደግሞ የእኛ ፊደል ፈጽሞ ይቅርታ አያደርግም። «በ» ቢገለበጥ ያው «በ» ነው። «ባ» ግን ረጅሙ እግር በቀኝ ስለሆነ ሲገለበጥ «ቦ» ይሆናል። «ቡ» ከሆነማ ቅጥሏ በግራ ይወጣና ማንም የማያነበው ፊደል ትሆናለች።

መገልበጡን በጭንቅላትሽ ለመሥራት አትድከሚ፣ ወረቀቱ ይሥራልሽ። ጽሑፉን ወረቀት ላይ እንደ ወትሮው በትክክል ጻፊው፤ እርሳሱ ለስላሳ ይሁን፣ 4ቢ ወይም 6ቢ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ደመቅ አድርገሽ። ከዚያ የተጻፈበትን ፊት ላጲሱ ላይ ገልብጠሽ አስተኝውና ጀርባውን በማንኪያ ጀርባ እሺው። እርሳሱ ተገልብጦ ላጲሱ ላይ ይቀራል፤ ስታትሚው እንደገና ይገለበጥና ቀና ሆኖ ይወጣል። መቁረጥ ከመጀመርሽ በፊት ላጲሱን መስታወት ፊት ያዥው። መስታወቱ ውስጥ «ባሕር ዳር» ብሎ ከተነበበ ሲታተምም እንደዚያው ይነበባል።

ስለ መሰበሩ፣ መጀመሪያ ላጲሱን እይው። ደረቅ የሆነው ሮዝ ወይም ሰማያዊ ላጲስ ይፈረፈራል። ነጭ፣ ለስለስ ያለ፣ ጎንበስ ስታደርጊው የሚታጠፈው የፕላስቲክ ላጲስ ነው ለዚህ ሥራ የሚሆነው። ሁለተኛው፣ እኔ ከሁሉም በላይ የምጠረጥረው፣ የምላጩ አያያዝ ነው። ብዙ ጀማሪ ምላጩን ወደ ፊደሉ ሥር አስገብቶ ይቆርጣል። እንዲህ ሲሆን ፊደሉ ከላይ ሰፊ፣ ከሥሩ ቀጭን ሆኖ ይቀራል፤ ስትጫኚው ይታጠፋል፣ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ይገነጠላል። ምላጩን ከመስመሩ ወደ ውጭ አጋድለሽ ቁረጪ። ግድግዳው ወደ ታች እየሰፋ ይሂድ። ጥልቀቱ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ መቆፈር ላጲሱን ከማድከም በቀር ጥቅም የለውም።

ሌላ ደግሞ የፊደሉን ውስጥ አስቀድሚ። የ«ዐ»ን መሐል፣ በ«ጠ» እግሮች መካከል ያለውን ክፍት ቦታ መጀመሪያ አውጪ፤ ዙሪያው ገና ስላልተነካ ፊደሉን ደግፎ ይይዘዋል። ክብ መስመር ላይ ስትደርሺ ምላጩን አታዙሪ፣ ላጲሱን አዙሪ። የያዝሽበት እጅ ሁልጊዜ ከምላጩ ኋላ ይሁን። ለጀማሪ የፊደሉ ቁመት ከ1.5 ሴንቲ ሜትር ባያንስ እመክራለሁ። ደግሞ ሥራው አለቀ ብለሽ ሳይሆን መሐል ላይ እያቆምሽ አትመሽ እይ፤ ያልተቆረጠ ሁልጊዜ ይቆረጣል፣ የተቆረጠ ግን አይመለስም።

ጥያቄ (ከአባይ ማዶ)፦ የመቅረጫ መሣሪያ ፈልጌ አጣሁ። የተገኘውም ዋጋው አይቀመስም። ያለ እሱ መጀመር ይቻላል ወይ? ሊኖሊየም የሚሉትስ ምንድን ነው?

መልስ፦ በደንብ ይቻላል፣ መሣሪያ እስኪመጣ ብለህ አትቀመጥ! ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የሚገዛ ከተር ብቻውን ብዙ ያሠራል፤ ምላጩ ሲደንዝ ጫፉን መስበር ነው። ቦይ እያወጣ የሚሄድ መቅረጫ ከፈለግህ ደግሞ የተሰበረ ጃንጥላ ፈልግ። ጨርቁን ከሚወጥሩት ሽቦዎች አንዳንዶቹ በአንድ ጎናቸው እንደ ቦይ ክፍት ናቸው። ድፍን ሽቦ አይሆንም፣ ቦይ ያለውን ምረጥ። ከእሱ አንድ ጣት የሚያህል ቁረጥ፣ ጫፉን በሞረድ ሰያፍ አድርገህ ሞርደው፣ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፣ ሌላውን ጫፍ እንጨት እጀታ ውስጥ አስገባና በፕላስተር ጠቅልለው። ላጲስ ላይ ሲሄድ ታየዋለህ፣ እየተጠቀለለ ነው የሚወጣው።

የሚቀረጸውም ነገር ቢሆን ላጲስ ብቻ አይደለም። ያረጀ ነጠላ ጫማ ሶሉ ለትልልቅና ቀላል ቅርጾች ምርጥ ነው። ባሕር ዳር ደግሞ የሳይክል ከተማ ናት፣ ሳይክል ጠጋኝ ጋ ሄደህ የማይጠገን ጎማ ውስጠኛውን ላስቲክ ብትጠይቅ የሚከለክልህ ያለ አይመስለኝም። እሱን በሳሙና አጥበህ፣ አድርቀህ፣ በመቀስ የፈለግከውን ቅርጽ ቆርጠህ፣ ከአናጢ በለመንከው ቁራጭ እንጨት ላይ በማስቲሽ ለጥፈው። መቅረጽ የለበትም፣ መቁረጥ ብቻ ነው። ለቅጠል፣ ለአሳ፣ ለወፍ ጥላ ይሆናል።

ሊኖሊየም ስለተባለውም ጠይቀሃል። የሕትመት ባለሙያዎች የሚቀርጹት እውነተኛው ሊኖሊየም በ1860ዎቹ እንግሊዝ አገር ፍሬደሪክ ዋልተን የሚባል ሰው የሠራው ነው። ከተልባ ዘይት፣ ከቡሽና ከእንጨት ብናኝ ተቦክቶ ጆንያ በመሰለ ጨርቅ ላይ የሚነጠፍ የወለል ምንጣፍ ነበር። ቤታችን የምናነጥፈው የወለል ፕላስቲክ ሌላ ነገር ነው። ወፍራምና ለስላሳ ቁራጭ ካገኘህ በጀርባው ሞክረው፤ ቀጭኑና ደረቁ ግን ምላጭ ያንሸራትታል፣ ተወው።

ጥያቄ (ከጎርጎራ፣ መምህር)፦ የማስተምራቸው ልጆች ትንንሾች ናቸው። ምላጭ ልሰጣቸው አልችልም።

መልስ፦ አይስጧቸው። ምግብ ከሚጠቀለልበት ነጭ የፎም ሳሕን ጠርዙን ቆርጠው ጠፍጣፋውን ይስጧቸው፣ በደነዘ እርሳስ ወይም በእስክሪብቶ ተጭነው ይሳሉበት። የተጫኑት መስመር ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ሌላው ቀለም ይይዛል። ድንችም ጥሩ ነው፦ እርስዎ በቢላ ለሁለት ይክፈሉት፣ ልጆቹ በማንኪያ ጠርዝ ይቆፍሩት። የተቆረጠውን ፊት ጨርቅ ላይ ተጭነው ውሃውን ካላስመጠጡት ቀለሙ አይዝም። ድንች ለዚያው ቀን ብቻ ነው፣ በማግስቱ ይጨማደዳል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር፣ ተማሪ)፦ ታንኳና ደንገል ቀርጬ በቢሮ ማኅተም ቀለም አተምኩ። በላዩ የውሃ ቀለም ስቀባ ጥቁሩ ሁሉ ተበታተነ። ወደፊት ብራና ላይም መሞከር እፈልጋለሁ።

መልስ፦ የቢሮ ማኅተም ቀለም አብዛኛው ውሃ ሲነካው ይሟሟል። ከደረቀ በኋላም ቢሆን። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ቀይሪ ወይም ቀለሙን ቀይሪ። የውሃ ቀለሙን መጀመሪያ ቀብተሽ፣ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ በላዩ ማተም አንዱ መንገድ ነው። የተሻለው ግን በአክሪሊክ ማተም ነው፤ አክሪሊክ አንዴ ከደረቀ ውሃ አይፈታውም፣ በላዩ እንደልብሽ ትቀቢያለሽ። ግን ቶሎ ይደርቃል። በሳሕን ላይ ስስ አድርገሽ ዘርግተሽ፣ በስፖንጅ ቁራጭ ማኅተሙ ላይ ነካ ነካ እያደረግሽ ቀቢው። ማኅተሙን ቀለም ውስጥ አትንከሪው፣ ቦዩ ሁሉ ይሞላና ሥዕሉ ይደፈናል። አትመሽ እንደጨረስሽ ወዲያው በውሃና በሳሙና፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቢው።

ለወረቀቱ የጀርባ ቀለም ከፈለግሽ ወፍራም ቡና አለልሽ። ዘጌ ቡና ያለበት አገር ላይ ሆነሽ ቡናማ ቀለም መግዛት አያስፈልግሽም፤ ሦስተኛውን ሳይሆን አቦሉን አቀዝቅዘሽ በብሩሽ ቀቢው፣ ይድረቅ፣ ከዚያ አትሚበት። የጋዜጣ ቁራጭ፣ የአቡጀዲ ክር፣ የደረቀ ደንገል ልጣጭ መለጠፍም ትችያለሽ። የምትለጥፊውን መጀመሪያ ለጥፊ፣ ማኅተሙን መጨረሻ አድርጊ፤ ግን ማኅተሙ የሚያርፍበት ቦታ ለጥ ያለ መሆን አለበት፣ ደንገሉ ጎርበጥ ስለሚል ቀጭን መስመር እዚያ ላይ ይቆራረጣል። ደንገል ላይ የምታትሚው ወፍራም ቅርጽ ይሁን።

ብራና ላይ ያለሽን ጉጉት ወድጄዋለሁ። ብራና ቆዳ ነው፣ እርጥበት ሲያገኘው ይኮማተራል። ስለዚህ ቀለሙ ትንሽና ወፈር ያለ ይሁን፣ አትመሽም ጠርዙን አስረሽ ወይም ክብደት ጭነሽ አድርቂው። ቅባት ያለው ቦታ ቀለም አይቀበልም፤ በጠመኔ ዱቄት አሸት አድርገሽ ዱቄቱን አራግፊ።

አንድ ነገር ልጨምር። የላክሽልንን ታንኳ አየሁት፣ ቆንጆ ነው፣ ግን ከፖስትካርድ የተቀዳ ይመስላል። አንድ ጠዋት ሐይቁ ዳር ውረጂና እውነተኛውን ታንኳ እይው፦ ደንገሉ እንዴት በእስር በእስር እንደተጠፈረ፣ አፍንጫው እንዴት ወደ ላይ ቀና እንደሚል። ለማኅተም የሚያስፈልግሽ ያ ብቻ ነው፤ አካሉ ድፍን ጥቁር፣ ማሰሪያዎቹ ነጭ መስመር። የጥንት የብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ የሚሳለው ሐረግም ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። አንዷን መታጠፊያ ብቻ ቀርጸሽ እየደጋገምሽ ብታትሚ ሙሉ ሐረግ ይወጣልሻል። የቅዱሳን ሥዕልን ግን በሚጣልና በሚረገጥ ነገር ላይ ባታትሚ እላለሁ። የብዙ ሰው እምነት ነውና ክብሩን መጠበቅ ይገባል።

ጥያቄ (ከዘጌ)፦ ቡና የምሸጥበት የአቡጀዲ ከረጢት ላይ የቡና ቅርንጫፍ ማተም ፈለግሁ። ሲታጠብ እንዳይለቅ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጨርቁን አስቀድመህ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠበው። አዲስ ጨርቅ ከፋብሪካ የሚቀባው ነገር አለው፣ ቀለም አያስገባም። ማለስለሻ አትጨምር። ደርቆ ከተተኮሰ በኋላ ቀለሙ ወደ ጀርባው እንዳያልፍ ከረጢቱ ውስጥ ካርቶን አስገባ፤ ከሥርም የታጠፈ ብርድ ልብስ አንጥፍ፣ ትንሽ ለስለስ ያለ መደብ ላይ ሕትመቱ ሙሉ ይወጣል። የጨርቅ ቀለም ተጠቀም። ቀጥ አድርገህ ተጫን፣ ወዲያ ወዲህ አታወዛውዝ፣ ቀጥ አድርገህ አንሳ። አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ። ከዚያ ገልብጠህ በጀርባው በኩል፣ ያለ እንፋሎት፣ በሙቅ ካውያ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ተኩሰው፤ ቀለሙን የሚያጸናው ሙቀቱ ነው። ካውያው አንድ ቦታ ቆሞ ጨርቁን እንዳያቃጥል አንቀሳቅሰው።

ሁሉም ከረጢት ላይ ሥዕሉ አንድ ቦታ እንዲያርፍ፣ ካርቶን በ«ኤል» ቅርጽ ቆርጠህ የከረጢቱ ጥግ ላይ አስጠጋውና ማኅተሙን ወደ ውስጠኛው ጥግ እያስጠጋህ አትም። ቅጠሉን በአረንጓዴ፣ ፍሬውን በቀይ ከፈለግህ ሁለት ማኅተም ቅረጽ። ቅጠሉ መጀመሪያ ይታተም፣ ሲደርቅ ፍሬው። ቀለሙ ቡናውን እንዳይነካ በውጭ በኩል ብቻ አትም፣ ውስጡንም በወረቀት ከረጢት ለየው።

ጥያቄ (ባሕር ዳር፣ ባለ ሱቅ)፦ ለደረሰኝ የሚሆን ክብ ማኅተም ራሴ ልቅረጽ?

መልስ፦ አይሆንም። ለካርድ፣ ለስጦታ መጠቅለያ፣ ለሱቅህ ከረጢት የራስህን ምልክት ቅረጽ፣ ማንም አይከለክልህም። ደረሰኝና ሰነድ ላይ የሚያርፍ ማኅተም ግን ሕጋዊ ውጤት ያለው ነገር ነው፣ በሕጋዊ መንገድ ነው የሚሠራው። የመሥሪያ ቤት ማኅተም የሚመስል ነገር ለልምምድ ብለህም ቢሆን አትቅረጽ።

ጥያቄ (ከሽምብጥ፣ ሌላ አንባቢ)፦ የቀረጽኳቸው ላጲሶች ከፕላስቲክ ሳጥኑ ጋር ተጣብቀው ቀለጡ። ሙቀት ነው?

መልስ፦ ሙቀቱ አባብሶት ይሆናል እንጂ ዋናው ምክንያት እሱ አይደለም። የፕላስቲክ ላጲስን ለስላሳ የሚያደርገው ንጥረ ነገር ቀስ እያለ ወደ ሌላ ፕላስቲክ ያልፋል፤ የነካውን ያለሰልሰዋል፣ ያጣብቀዋል። አዲስ ላጲስ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠውም ለዚህ ነው። እያንዳንዱን በወረቀት ጠቅልለሽ በካርቶን ሳጥን ውስጥ አስቀምጪ፣ ፀሐይ ከሚመታው መስኮት አርቂው፣ ቤንዚንና አሴቶን አታስነኪው። እርስ በርስም አይነካኩ። በመጠቅለያው ላይ ማኅተሙን አንድ ጊዜ ብታትሚበት ሳትፈቺ የትኛው እንደሆነ ታውቂያለሽ።