ከሰርቪስ በኋላ የጎማ ዳዶ ላልቶ ጎማ ቢወልቅ ማን ይከፍላል?

ጥያቄ፦ በኪራይ አገልግሎት የምሠራበት ኮድ 3 ቪትዝ አለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጋራዥ ዘይትና የፊት ፍሬን ሸራ አስቀይሬ በወጣሁ በሦስተኛው ቀን ቃሊቲ አካባቢ የግራ የፊት ጎማዬ ወልቆ ሄደ። የፍሬን ዲስኩና ፓራፋንጎው ተጎድተዋል፤ ጎማው ተንከባሎ የአንድ ሱቅ መስታወት ሰብሯል። ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ የሚያንኳኳ ድምፅ ነበረው። ጋራዡ «መኪናው ከወጣ በኋላ ኃላፊነት እንደማንወስድ ደረሰኙ ላይ ተጽፏል፤ ሦስት ቀንም ነድተኸዋል» ይለኛል። የሱቁ ባለቤት ደግሞ የያዘው እኔን ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከሱቁ ባለቤት እንጀምር፤ እሱን «ጋራዡን ጠይቅ» ብለው ማሰናበት አይችሉምና። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 መሠረት ተሽከርካሪ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው። ዳዶውን ያላጠበቀው ሌላ ሰው መሆኑ በእርስዎና በሱቁ ባለቤት መካከል ለውጥ አያመጣም። የሦስተኛ ወገን መድንዎ የንብረት ጉዳትንም እስከተወሰነ ጣሪያ ድረስ ስለሚሸፍን አደጋውን ዛሬውኑ ለመድን ድርጅቱ በጽሑፍ ያሳውቁ። የሱቁ ባለቤት ከከሰሰዎት፣ መልስዎን ሲያቀርቡ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 43 መሠረት ጋራዡ ወደ ክርክሩ እንዲገባ ይጠይቁ። እርስዎ የሚከፍሉትን ጋራዡ እንዲተካልዎት በዚያው መዝገብ ይወሰናል፤ ሌላ ክስ ማቅረብ አይጠበቅብዎትም።

ከጋራዡ ጋር ያለዎት ግንኙነት ግን የውል ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2610 እንደተመለከተው እንዲህ ያለው የሥራ ውል የተወሰነ ውጤት በራስ ኃላፊነት ለማስገኘት የሚገባ ነው፤ ውጤቱም በሰላም የሚነዳ መኪና ነው። «ያጠበቀው ተለማማጅ ነው» ወይም «ሠራተኛው ለቋል» የሚለው መልስ ጋራዡን አያድነውም፤ ውሉ የተደረገው ከድርጅቱ ጋር ነውና።

የእርስዎን ጉዳይ የሚያጠነክረው ደረሰኙ ላይ ያለው «የፊት ፍሬን ሸራ ቅያሪ» የሚለው መስመር ነው። ጎማ ሳይፈታ የፍሬን ሸራ አይቀየርም። ስለዚህ ዳዶዎቹን ጋራዡ እንደፈታና መልሶ እንዳሰረ ሌላ ምስክር ሳያስፈልግ ይታወቃል። ዘይት ብቻ ተቀይሮ ቢሆን ኖሮ «ጎማውን አልነካነውም» የሚለው ክርክር ያስቸግርዎት ነበር። በነዚያ ሦስት ቀናት ውስጥ ጎሚስታ ጋ ገብተው ያንኑ ጎማ አስፈትተው ከሆነም ለጠበቃዎ አይደብቁ፤ ጋራዡ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

«ሦስት ቀን ነድተኸዋል» የሚለው መከላከያ መካኒክ ባልሆነ ሰው ጆሮ ሚዛን የሚደፋ ይመስላል፤ በሙያው ግን ዳዶ የሚላላው እንዲሁ ቀስ በቀስ ነው። የቪትዝ ጎማ በአራት ዳዶ የሚታሰር ሲሆን ማጥበቂያ ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው። በእጅ ተጀምሮ መጨረሻው የተረሳ ዳዶ ወዲያው ላይወልቅ ይችላል። ቸርኬው (ጎማው የሚለብስበት ክብ) በሚያርፍበት ገጽ ላይ ዝገት ወይም ቆሻሻ ካለ ዳዶው በቶርክ ቁልፍ (ማጥበቂያ ልኩን በሚለካ መፍቻ) ቢጠብቅም ቆሻሻው በጉዞ ሲደቅ ይላላል። በመስቀለኛ ተራ ሳይሆን በክብ ዙሪያ የታሰረ ጎማ በአንድ ጎኑ ብቻ ሊያርፍ ይችላል። የብረት ቸርኬ ዳዶ አፉ ሾጣጣ ነው፤ የቶዮታ ፋብሪካ የአሉሚኒየም ቸርኬ ግን ጠፍጣፋ ዋሸር ያለው ዳዶ ስለሚፈልግ፣ ሁለቱን ያቀያየረ ጋራዥ የቱንም ያህል ቢያጠብቅ አይይዝለትም። በአየር መፍቻ ከልክ በላይ ማጥበቅም ብሎኑን (ዳዶው የሚታሰርበትን ጥርስ ያለው ዘንግ) ለጥጦ ኋላ እንዲሰበር ያደርገዋል።

እነዚህ ምክንያቶች የሚተዉት ምልክት አይመሳሰልም፤ ለክሱ የሚጠቅመንም ይኸው ነው። ላልቶ የቆየ ዳዶ የቸርኬውን ቀዳዳ አስፍቶ ሞላላ ያደርገዋል፣ የብሎኑን ጥርስ ይበላዋል፣ በቀዳዳው ዙሪያ ብረቱ ተፋግቶ ያብረቀርቃል። ከልክ በላይ የጠበቀ ብሎን ግን ይሰበራል እንጂ ቀዳዳውን እንዲያ አያሰፋም። ስለዚህ ቸርኬውን፣ የቀሩትን ዳዶዎችና የተሰበሩትን ብሎኖች ሳያጥቡና ዘይት ሳይነኩ በከረጢት ያስቀምጡ። ብዙ ጉዳይ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ጋራዡ «አምጣው፣ በነፃ እንሠራልሃለን» ይላል፣ ባለመኪናው ይስማማል፣ አሮጌዎቹ ብሎኖች ቆሻሻ ውስጥ ይገባሉ፣ ከዚያ በኋላ ገለልተኛ ባለሙያ የሚመረምረው ነገር አይኖርም። መኪናውን ሌላ ጋራዥ ያስገቡ፤ ከመጠገኑ በፊት በፎቶ ያስነሱት፤ የጉዳቱን ምክንያት የሚገልጽ ፊርማና ማኅተም ያለው የባለሙያ ሪፖርት ያሠሩ። የትራፊክ ፖሊስ ፕላንና ሪፖርት ቅጂም ይውሰዱ። ሪፖርቱ ላይ «የቴክኒክ ብልሽት» ብቻ ተብሎ እንዳይታለፍ፣ ዳዶዎቹ የጠፉ ወይም የላሉ መሆናቸው እንዲመዘገብ ይጠይቁ።

ደካማው ጎንዎ ድምፁ ነው። አንድ ቀን ሙሉ እያንኳኳ መንዳትዎ የጋራዡን ኃላፊነት አያጠፋውም፤ ነገር ግን ሕጉ ውል የተጣሰበት ሰው ጉዳቱ እንዳይባባስ የሚችለውን እንዲያደርግ ስለሚጠብቅ፣ ካሳው ሊቀነስብዎት ይችላል። በክስዎ ላይ ድምፁን አይደብቁ፤ መቼ እንደጀመረ፣ ፍጥነት ሲጨምር ይሰማ እንደነበር፣ ከፍሬን ሸራው አዲስነት የመጣ መስሎዎት ከሆነም ያንን በግልጽ ያስፍሩ። አዲስ ሸራ ድምፅ ማሰማቱ እንግዳ ነገር ስላልሆነ ምክንያቱ የሚታመን ነው። ጎማ ከተፈታ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ተነድቶ ዳዶው እንደገና ሊፈተሽ እንደሚገባ ጋራዡ ነግሮዎት ከነበረና ካልተመለሱ ግን ክርክሩ ይከብዳል። ካልነገረዎት ያለመንገሩ ጉድለት የእሱ ነው።

የደረሰኙ ማስታወቂያ ብዙ አያስጨንቅዎ። በቁጥር 1686 መሠረት አንዱ ወገን በጠቅላላ የሚጠቀምበት የንግድ ሁኔታ ሌላውን የሚያስገድደው አውቆ ከተቀበለው ነው። ሥራው አልቆ ገንዘብ ከተከፈለ በኋላ የተሰጠ ወረቀት ግርጌ ላይ ያለ ጽሑፍ እርስዎ እንደተስማሙበት ለማሳየት አይበቃም። ተስማምተው ቢሆን እንኳ ሕጉ ኃላፊነትን በውል ማጥበብን የሚፈቅደው ጥፋት እስከሌለ ድረስ ነው፤ ዳዶ ሳያጠብቁ መኪና ማስረከብ ጥፋት መሆኑን ለማስረዳት ደግሞ ብዙ አያለፋም።

ምን ያህል ይጠይቁ? የጥገናውን ወጪ፣ የመኪና ማንሻውን፣ የባለሙያ ሪፖርቱን፣ ለሱቁ የሚከፈለውንና ሥራ ያቆሙበትን ገቢ። የመጨረሻው ላይ ሰሌዳዎ ይጠቅምዎታል። በቁጥር 1799 የሚከፈለው በተለምዶ የሚደርሰው ጉዳት ነው፤ በ1801 ግን ሌላው ወገን ልዩ ሁኔታውን አውቆ ከነበረ በትክክል የደረሰው ሁሉ ይከፈላል። ኮድ 3 ሰሌዳ ፊቱ የቆመ ጋራዥ መኪናው የእንጀራ መሆኑን አላወቅሁም ሊል አይችልም። የየቀን ገቢዎን ግን በአፍ ሳይሆን በአገልግሎት ሰጪው መተግበሪያ ዝርዝር ወይም በባንክ መግለጫ ያስረዱ፤ ነዳጅና ኮሚሽን ሳይቀነስ የቀረበ ሒሳብ ፍርድ ቤት ፊት አመኔታ ያሳጣል።

ከክስ በፊት በቁጥር 1772 መሠረት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ፤ የጉዳቱን ዝርዝርና 10 ወይም 15 ቀን ጊዜ ጽፈው ቅጂው ላይ ያስፈርሙ፣ አልፈርምም ካለ በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ይላኩ። ካልመለሰ ክሱ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይቀርባል። የውል ክስ ሌላ ድንጋጌ ከሌለ በቁጥር 1845 በ10 ዓመት የሚታገድ ቢሆንም፣ በዚያ አይዘናጉ፤ ጉድለቱን ዘግይቶ ማሳወቅ ለጋራዡ መከላከያ ይሆናል። የሱቁ ባለቤት ግን ከውል ውጪ ስለሚጠይቅ ጊዜው በቁጥር 2143 መሠረት 2 ዓመት ነው።

የሰው ጉዳት ቢኖር ኖሮ ነገሩ ወደ ወንጀል ይሄድ ነበር፤ በቸልተኝነት አካል ማጉደል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 559፣ ሞት ከሆነ ደግሞ በአንቀጽ 543 ያስጠይቃል፣ መጀመሪያ የሚያዘውም ሹፌሩ ነው። በከረጢት የተቀመጡት ብሎኖች ያን ጊዜ ለራስዎ መከላከያ ይሆኑ ነበር።

ሙሉ የመድን ሽፋን ካለዎት ደግሞ መድን ድርጅቱ በከፈለው ልክ እርስዎን ተክቶ ጋራዡን ይጠይቃል። ስለዚህ ድርጅቱን ሳያማክሩ ከጋራዡ ጋር የዕርቅ ወረቀት አይፈርሙ። ያለ ፍርድ ቤት ከተስማማችሁም፣ ወረቀቱ ገንዘቡ ለየትኛው ጉዳት እንደተከፈለና የሱቁን መስታወት ማን እንደሚከፍል ለይቶ ይጻፍ፤ «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል መስመር ካለበት ገንዘቡ እጅዎ ከመግባቱ በፊት አይፈርሙበት።