ለሲልቨር ስፕሪንጓ እህታችን፦ ሳይዘምቱ ወታደርን ስለመርዳት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። «የጎረቤቴ ልጅ የአሜሪካ ጦር ውስጥ ነው። እኔ ዕድሜዬም ጤናዬም ለውትድርና አይሆንም። ግን ወታደሮቹንና ቤተሰቦቻቸውን መርዳት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ነው ያልሽው። ከስር የተጻፉልሽ መልሶች ባንዲራ ስቀዪ፣ ዩኒፎርም ለብሶ ያየሽውን አመስግኚ የሚሉ ናቸው። ክፋት የለውም። ግን ከዚያ በጣም የሚበልጥ ነገር በእጅሽ አለ።

እኔ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ለብዙ ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። የእህቴ ልጅ በዲቪ መጥቶ፣ በግሪን ካርዱ ጦሩን ተቀላቀለ። የምነግርሽ ሁሉ በዚህ የተነሳ ያየሁትን ነው።

1. ለደወለ ሁሉ የካርድ ቁጥርሽን አትስጪ። «ለቆሰሉ ወታደሮች» ብሎ የሚደውል ሰው አንጀት ይበላል። የኛ ሰው ደግሞ ቁስለኛ ሲባል ልቡ አይችልም። አብሮኝ የሚነዳ ጓደኛዬ በየወሩ ከካርዱ ሲቆረጥበት ኖረ። ድርጅቱን ሊያጣራ ሲነሳ ከፖስታ ሳጥን ቁጥር በስተቀር ምንም አላገኘም። በብርድ ሌሊት እየነዳ ያገኘው ገንዘብ ነው። እስካሁን ያንገበግበኛል። ነገሩ የእሱ ብቻ አይደለም፤ በ2018 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና የየክፍለ ግዛቱ ዐቃቤ ሕጎች በወታደር ስም በሚነግዱ የሐሰት በጎ አድራጎቶች ላይ በጋራ ዘመቻ ከፍተው ነበር። ገንዘብ መስጠት ካማረሽ ድርጅቱን አንቺ ፈልገሽ ስጪ፤ እሱ ፈልጎ እንዳያገኝሽ።

2. መኪና የምትነጂ ከሆነ ሌላ ነገር ሩቅ አትፈልጊ። ዲኤቪ የሚባል የአካል ጉዳተኛ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር አለ፤ ከ1920 ጀምሮ የቆየ ነው። ቪኤ በሚባለው የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ቀጠሮ ኖሯቸው መሄጃ ያጡ ሰዎችን በነፃ ያመላልሳል። ሾፌሮቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የምትነጂው በራስሽ መኪና ሳይሆን በእነሱ ቫን ነው። መንጃ ፈቃድና ኢንሹራንስ ይጠየቃል፣ የኋላ ታሪክሽ ይጣራል፣ የጤና ምርመራም አለው። ሰው ተሸክሜ ወገቤ ይቆረጣል ብለሽ አትፍሪ፤ አብዛኛው ቦታ የሚጫነው ራሱን ችሎ የሚወጣና የሚወርድ ሰው ነው።

ችግሩ ቢሮው ነው። የኔን ማመልከቻ የተቀበለችው ሴትዮ መጀመሪያ «ፎርምህ አልደረሰንም» አለችኝ። እንደገና ሞላሁ። የአሻራ ቀጠሮ ሰጠችኝ፤ ሥራ ጥዬ ስሄድ ቢሮው ተዘግቷል። በመጨረሻ ሰው ፊት «እንግሊዝኛህ ለዚህ ሥራ ይበቃል?» ብላ ጠየቀችኝ። ዋሽንግተንን ጓዳ ጎድጓዳዋን የማውቅ፣ የምክር ቤት ሰውም የሌሊት ሰካራምም ሳመላልስ የኖርኩ ሰው ነኝ! ዝም ብዬ አልወጣሁም። የአለቃዋን ስም ጠየቅኩ፣ አቤቱታዬን በጽሑፍ አስገባሁ፣ ብዙም ሳይቆይ ተደወለልኝ። አንቺም ያስገባሽውን ወረቀት ሁሉ ኮፒ ያዢ። ማን እንደተቀበለሽና መቼ እንደሆነ ጻፊበት። የእነሱን ፊት አይተሽ ተስፋ አትቁረጪ፤ የምታገለግዪው ቢሮውን አይደለም።

የጫንኳቸውን ሽማግሌዎች በምንም አልለውጣቸውም። አንዱ የኮሪያ ዘማች ነበሩ። ከየት ነህ አሉኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው «ቃኘው!» ብለው ጮኹ። ከክብር ዘበኛ የተውጣጣው የቃኘው ሻለቃ በ1951 ኮሪያ ገብቶ የተዋጋው ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ነው፤ እሳቸውም የዚያው ክፍለ ጦር ሰው ኖረዋል። «የናንተ ሰዎች እጅ አይሰጡም ነበር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ከቃኘው አንድም ምርኮኛ የለም። ዋሽንግተን ያለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ጋ ስትሄጂ የመንገዱን ጠርዝ ድንጋይ ተመልከቺ። ጦር ወይም ሐኪም የላኩት አገሮች ስም ተቀርጾበታል። የኛም አለ። ያን ቀን ቫኑን ስነዳ ደረቴ ሞልቶ ነበር።

ደግሞ መንገድ ላይ ሰው ልቡን ያወጣልሻል። የሚያስፈራ ነገር ከሰማሽ፣ በተለይ መኖር ሰልችቶኛል የሚል ነገር ከሰማሽ፣ 988 ተደውሎ 1 ቁጥር ሲጫን ለቀድሞ ወታደሮች የተመደበ ሰው ያነሳል። ለሊትም ይሠራል። ቁጥሩን ስልክሽ ላይ መዝግቢው።

3. እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ። የጎረቤትሽ ልጅ ሐበሻ ከሆነ፣ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው እርዳታ ይሄ ነው።

የእህቴን ልጅ ያሳደገችው አዲስ አበባ የነበረችው ታላቅ እህታችን ናት። እናቱ ቀድማ አሜሪካ ስለመጣች እሱ የሚያውቃት እናት እሷ ነበረች። ይህች አክስቱ ስታርፍ ልጁ ተመድቦ ጀርመን ነበር። ሽማግሌዎቻችን ተሰበሰቡ። «ልጁ ሰው አገር፣ መሣሪያ ይዞ፣ ብቻውን ነው። አሁን አይነገረው። ለእረፍት ሲመጣ በወጉ እናረዳዋለን» ብለው ወሰኑ። እኔ ለፈለፍኩ፣ ማን ሰምቶኝ! ሐሳባቸው ይገባኛል። መርዶ በስልክ አይነገርም። ማለዳ፣ ወገን ተሰብስቦ፣ ደጋፊ አጠገብ ሆኖ ነው። ፌስቡክ ግን ይሄን ወግ አያውቅም። ልጁ ካምፕ ውስጥ ስልኩን ሲከፍት ከፎቶዋ ስር «ነፍስ ይማር» የሚል አነበበ። አርባዋ ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ለወራት እናቱን አላናገራትም። እኔንም ጭምር።

በወቅቱ ቢነገር ኖሮ የመምጣት ዕድል ነበረው። አሠራሩ እንዲህ ነው። የወታደሩ ቤተሰብ ሞት ወይም ከባድ ሕመም ሲያጋጥመው ለአሜሪካ ቀይ መስቀል ይደውላል። ቀንም ሌሊትም ያነሳሉ፣ ክፍያ የለውም። ቀይ መስቀል ነገሩን አጣርቶ ለልጁ አዛዥ መልእክት ይልካል። ፈቃድ የሚሰጠው አዛዡ ነው፤ ግን የሚተማመነው በዚያ በተጣራ መልእክት ነው።

የኛ ሰው የሚሰናከለው ሦስት ቦታ ነው። አንደኛ ስም። ቤት ውስጥ አቡሽ ወይም ማሙሽ እንለዋለን፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ሌላ ነው፤ ፊደል አጻጻፉም እንዲሁ። ሙሉ ስሙን፣ ማዕረጉን፣ የልደት ቀኑን፣ ክፍሉንና አድራሻውን ሳይይዙ ይደውሉና ይንተባተባሉ። ሁለተኛ ማረጋገጫ። ሟቹ ሆስፒታል ካረፈ ይቀላል። ቤቱ ያረፈ ከሆነ ግን ሲያክመው የነበረ ሐኪም ስልክ አስቀድሞ መያዝ አለበት፤ በለቅሶ መሃል ማንም አይፈልገውም። ሦስተኛው ደግሞ የኛን ቤት ያቃጠለው ነው። ለአስቸኳይ ፈቃድ የሚታሰበው የቅርብ ቤተሰብ ነው፦ እናት፣ አባት፣ ባል ወይም ሚስት፣ ልጅ፣ እህት፣ ወንድም። «አክስቱ ሞተች» ወይም «አያቱ ሞቱ» ብሎ ዝም ያለ ሰው በሩን በራሱ እጅ ይዘጋል። በእናት ቦታ ሆና ያሳደገችው ከሆነች በግልጽ መነገር አለበት፤ ከስንት ዓመቱ እስከ ስንት ዓመቱ አብሯት እንደኖረ ጭምር። እኛ አገር ግማሹ ሰው በአክስትና በአያት ያደገ ነው፤ ፈረንጁ ይሄን በራሱ አይገምትም።

ከዚያ ወዲህ በማውቀው ወታደር ያለበት ቤት ሁሉ፣ እነዚህ ነገሮች የሚሞሉበት ወረቀት አስሞልቼ ፍሪጅ ላይ አስለጥፌያለሁ። ከቤተ ክርስቲያናችን አንዲት የወታደር እናት፣ ባላቸው ጎንደር ሲያርፉ የደወሉት ለኔ ነው። ወረቀቱ ተሞልቶ ስለነበር በዚያው ሌሊት አብሬያቸው ቁጭ ብዬ ደወልን። መርዶውንም አልተውነውም፤ ልጁ ሲሰማ የክፍሉ ቄስ አጠገቡ እንዲሆኑ ለመንን፣ እዚያው ካምፕ ያለ ሐበሻ ጓደኛውም ተጠራ። ሽማግሌዎቹ የፈለጉት ደጋፊ እንዲኖረው አይደል? ተገኘለት። ለቲኬቱ ደግሞ አርሚ ኢመርጀንሲ ሪሊፍ የሚባለው፣ ከ1942 ጀምሮ ያለው የጦሩ መረዳጃ፣ ወለድ የሌለው ብድር ሰጠው። ሳምንት ሳይሞላ ለቅሶ ቤት ደረሰ። እኚያ እናት አሁንም ባዩኝ ቁጥር ይመርቁኛል። ወረቀቱን በአማርኛ አዘጋጅቼዋለሁ፤ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እልክልሻለሁ።

ሌላውን ባጭሩ። ጥቅል መላክ ከፈለግሽ በስም ለምታውቂው ወታደር ላኪ፤ «ለማንኛውም ወታደር» ተብሎ የሚላከው ከ2001 ጀምሮ ተቋርጧል። ኤፒኦ በሚባለው የጦሩ ፖስታ አድራሻ ላይ የአገርና የከተማ ስም አትጻፊ፣ የጉምሩክ ፎርም ሙዪ። ቆሎና ዳቦ ቆሎ መንገድ ይችላል። የሚከለከለው ነገር እንደየቦታው ስለሚለያይ ፖስታ ቤት ቀድመሽ ጠይቂ። አየር ማረፊያ ላይ መሥራት ከወደድሽ ዩኤስኦ አለ። ከ1941 ጀምሮ ወታደር የሚያስተናግድ ድርጅት ነው። በረራ የሚጠብቁትን ቡና እየሰጠሽ ታጫውቻለሽ።

ላንቺ በጣም የሚቀርብሽ ግን እዚያው ሜሪላንድ ያለው ቤተዝዳ ነው። ዋልተር ሪድ ወታደራዊ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ፊሸር ሃውስ የሚባሉ ቤቶች አሉ። የመጀመሪያው የተከፈተው እዚያው ቤተዝዳ ነው። የታማሚ ቤተሰብ በነፃ የሚያርፍበት ነው። ሲመሽ ከሆስፒታል ደክሟቸው ይመጣሉ፣ ምግብ መሥራት አይችሉም። የኛ ማኅበር ሴቶች አስቀድመው ለኃላፊዋ ደውለው እራት ይዘው ይሄዳሉ። ያለ ቀጠሮ በር ላይ አትቁሚ፤ ወታደራዊ ግቢ ስለሆነ አያስገቡሽም። እጣን አታጪሺ፣ የጢስ ማንቂያው ይጮሃል። ቀይ ወጡን ለራሳችን ትተን ምስር አልጫና ጎመን እንወስዳለን፤ እንጀራውን እንዴት እንደሚጠቀለል ልጆቹን ስናሳያቸው ይደሰታሉ። በሚቀጥለው ስንሄድ እዚሁ እጽፋለሁ። አልጫ ላይ እጅሽ ጥሩ ከሆነ ትልቁን ድስት ላንቺ እንሰጥሻለን።